የእምዬ ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እዚሁ አውሮራ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። እንደምታውቁት የስደተኛ የቅዳሜ ቡና የሳምንቱ ሸንጎ ነው። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ፈረቃውን የጨረሰው፣ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው፣ ሁሉም ሰብሰብ የሚለው በዚያች ሰዓት ነው። ዕጣኑ ይጤሳል፤ ፈንዲሻው ይበተናል፤ የአገር ቤቱ ፖለቲካ አንዴ ይፈርሳል፣ አንዴ ይገነባል። በረካው ሲጠጣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

የቤቷ እመቤት በቅርቡ ከጎንደር የመጣላትን ጀበና አቀረበች። አንገቷ ቀጠን፣ ሆዷ ድብልብል ያለ፣ የባለሙያ እጅ ያረፈባት ጀበና ናት። እንግዳው እየተቀባበለ አደነቃት። ከመሐላችን አንዱ፣ መቼም ክፉ ሰው አይደለም፣ ጀበናዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገና «ተጠንቀቁ፤ የወለቃ ሥራ ከሆነች ቡዳውም አብሮ መጥቶ ይሆናል» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና «አባዬ፣ ቡዳ ምንድን ነው? ለምንድን ነው ሁላችሁም የሳቃችሁት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሃቫና ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላዬ ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ እኔ ግን የምመልሰው ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንባቢ ሆይ። እንደዚያች ያለችውን ጀበና ከሚሠሩት እጆች ሁለቱ ያሳደጉኝ እጆች ናቸው። አያቴ ቤተ እስራኤል ነበረች። ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር ለኅትመት ስሰጣት የመጀመሪያዬ ነው። ጋዜጠኛ ሆኜ የሌላውን ሰው የተደበቀ ነገር ሳነፈንፍ እንጀራ በልቻለሁ፤ የራሴን ቤት ግን ከድኜ ኖርሁ።

እምዬ እያልን ነበር የምንጠራት። የእናቴ እናት ናት። እናቴ አስተማሪ ስለነበረች ጧት ወጥታ ማታ ነው የምትመለስ፤ እኔን ያሳደገችኝ እምዬ ናት። ቤታችን ጎንደር ከተማ፣ ከፋሲል ግንብ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ያ ቤት ይታመሳል። እምዬ ዳቦዋን ትጋግራለች፤ ወጧን ሠርታ ትከድናለች፤ እንስራውን በውኃ ታስሞላለች፤ እኛን ልጆቹን ተራ በተራ ታጥባለች። በመጨረሻ እሷም ገላዋን ታጥባ ነጭ ቀሚሷን ትለብሳለች። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ እሳቱን ውኃ ረጭታ ታጠፋዋለች። ከዚያም «በሉ ልጆች፣ ዝም በሉ፤ ልትመጣ ነው» ትለናለች።

«ማን ናት የምትመጣው?» እላታለሁ።

«ሰንበት ናታ!»

እኔ እውነተኛ እንግዳ መስላኝ፣ ነጭ ለብሳ በበሩ የምትገባ ሴት መስላኝ፣ ደጁን ፈጥጬ እጠብቅ ነበር።

ቅዳሜ እኛ ቤት እሳት አይነድም፤ ቡናም አይፈላም። ጎንደር ላይ ቅዳሜ ቡና የማይፈላበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ጎረቤት ሲጠራት እምዬ ትሄዳለች፤ ተጨዋውታም ትመለሳለች፤ ስኒውን ግን አትነካም። «ቅዳሜ ቡና ስጠጣ ራሴን ይፈልጠኛል» ትል ነበር። እሑድ ሲሆን ያ ራስ ምታት የት እንደሚገባ አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም።

ሰፈርተኛው አልጠረጠረም፤ ወይም እንዳልጠረጠረ ሆነ። ቀዳሚት ሰንበት በክርስቲያኑም ዘንድ የከበረች ቀን ናት። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን መገረዙ የሁለቱም ወገን ወግ ነው። የቤተ እስራኤል ካህናት ቄስ ይባላሉ፤ ኦሪታቸውም ጸሎታቸውም በግዕዝ ነው። ስለዚህ የእምዬ ቅዳሜ በክርስቲያን ነጠላ ተሸፍና ማለፍ ቻለች። «ሃይማኖተኛ ሴት» ይሏታል። ነበረችም። የማይሸፈነው ጥሬ ሥጋ ብቻ ነበር። በበዓል ቀን ቁርጥና ክትፎ ሲዞር እምዬ ሥራ ያላት መስላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ደም ያልወጣው ሥጋ በአፏ ዞሮ አያውቅም።

አንድ ክረምት፣ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ጓሮ በጭቃ ወፍ ልሠራ ስታገል ጭቃው እየተሰነጠቀ አስቸገረኝና አለቀስሁ። እምዬ ግራና ቀኝ አይታ ጭቃውን ተቀበለችኝ። ምራቋን እንትፍ አለችበትና አሸችው፤ አውራ ጣቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞር ዞር አለ፤ ወዲያው አንገቷን ወደ ኋላ የመለሰች ወፍ መዳፏ ላይ ቁጭ አለች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «የት ተማርሽው?» ብላት «እናቴ ቤት» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለማንም አታሳይ» አለች። ማታ ወፏን ብፈልግ የለችም። በውኃ አሟሙታ ወደ ጭቃነት መልሳት ነበር።

የእናቷ ቤት ከጎንደር በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ ናት። በዚያ መንደር ሴቶቹ ሸክላ፣ ወንዶቹ ብረት ይሠሩ ነበር። ለምን ሸክላና ብረት? የቆየው ታሪክ የሚለው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ለመጠመቅ እምቢ ያለ ርስት እንዳይኖረው ተደረገ ነው። ርስት የሌለው ሰው ወይ የሰው መሬት ያርሳል፣ ወይ በእጁ ሙያ ያድራል። አገሩም ማረሻውንና ማጭዱን፣ ምጣዱንና ጀበናውን ከእነሱ እጅ ተቀብሎ ሲያበቃ እጃቸውን ፈራ። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፤ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ተባለ። «ፈላሻ» የሚለው ስም ራሱ ከዚያ የፍልሰትና የባይተዋርነት ታሪክ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ እነሱ አይወዱትም። ቤተ እስራኤል ነው የሚሉት።

እምዬ ከዚያ መንደር የወጣችው በጋብቻ ነው። ተጠመቀች፤ የክርስትና ስም ወጣላት፤ ከተማ ገባች። ከዚያ በኋላ በእኔ ዕድሜ ጭቃ በእጇ የነካችው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።

በ1982 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት በራችን ተንኳኳ። ከዘራ የያዘ፣ በዝናብ የበሰበሰ ሽማግሌ ገባና እምዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ወንድሟ ነበር፤ እኔ ወንድም እንዳላት እንኳ አላውቅም። ኢትዮጵያና እስራኤል የተቋረጠ ግንኙነታቸውን እንደገና የጀመሩበት ሰሞን ስለነበር ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር ገጠር እየተነሡ በብዛት ወደ አዲስ አበባ ይጎርፉ ነበር። እሱም ነገ ተሳፋሪ ነው። እኔ ጋቢ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። «ነይ አብረን እንሂድ» አላት። እምዬ ወደ ተኛንበት ዞር ብላ አየችንና «እነዚህን ለማን ጥዬ?» አለችው። እሱም ብዙ አልተከራከራትም። ቀጥሎ ስለ ታናሽ እኅታቸው ነገራት።

እኅታቸው ከሱዳን መንገድ አልተመለሰችም ነበር። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው ቀን እየተደበቁ፣ ሌሊት እየተጓዙ በእግራቸው ሱዳን ገቡ። ገዳሪፍ አካባቢ በነበረው የኡም ራኩባ መጠለያ ማንነታቸውን ደብቀው ወራት ጠበቁ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ወደ 4 ሺህ እንደሚሆኑ ይገመታል። ዛሬ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። የእምዬ እኅት በኡም ራኩባ ከቀሩት አንዷ ናት። ወሬው እምዬ ዘንድ ለመድረስ አምስት ዓመት ያህል ፈጀበት።

እምዬ አልጮኸችም። ለቅሶ ቢሰማ ጎረቤት ይመጣል፤ «ማን ሞተ?» ይላል፤ «እኅቷ» ቢባል «የት?» ይላል፤ «ሱዳን» ቢባል ነገሩ ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ለጠየቀ ሁሉ «ወገቧን አሟት» ተባለ። እኔም ጎረቤት ተልኬ «እምዬን ወገቧን አሟታል» ብዬ ተናግሬአለሁ። በሕይወቴ ያስተላለፍሁት የመጀመሪያው የሐሰት ዜና እሱ ነው።

ወንድሟ ቀናው። ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል አጓጓዘ። እሱም በዚያ ሄደ። እምዬ ከእኛ ጋር ቀረች።

ይህን ሁሉ ያኔ የተረዳሁት እንዳይመስላችሁ። የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ አውሮፓ ሳለሁ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሌላ ጉዳይ መጽሐፍ ስፈልግ ዎልፍ ሌስላው በ1951 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ፈላሻ አንቶሎጂ» እጄ ገባ። ቆሜ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት፤ ከዚያ ተቀመጥሁ። ዓርብ ገላ መታጠቡ፣ እሳት ማጥፋቱ፣ የዓርቡ ምግብ ቅዳሜ መበላቱ፣ ሁሉም ተጽፏል። «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው መጽሐፋቸው ትርጉምም እዚያው አለ። በዚያ መጽሐፍ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም፤ በአምላክ ፊት ቆማ ስለ ሰው የምትማልድ ሴት ናት። በልጅነቴ ደጁን ፈጥጬ የጠበቅኋት እንግዳ እሷ ነበረች።

ለእናቴ ደወልሁላት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ያወቅኸውን ወደ ሆድህ መልሰው» አለችኝ። እምዬን ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። አንድ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎንደር ደወልሁና ስለ ጤናዋ ከጠየቅሁ በኋላ «እምዬ፣ መጣች ወይ?» አልኋት። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ «መጣች ልጄ» አለችኝ። «እሷማ ሁልጊዜም ትመጣለች። የሚቀር ሰው ነው።» ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ስለዚህ ጉዳይ ከእምዬ ጋር የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ እኔ እዚህ ነበርሁ። ጎንደር ላይ በቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። የዴንቨርና የአውሮራ ሰው በረዶውን ጥሶ ቤቴን ሞላው፤ እንጀራው፣ ወጡ፣ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ ሳይቀር መጣ። ያን ውለታ አልረሳውም። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» እያሉ ሲጠይቁኝ «ሃይማኖተኛ ነበረች» እል ነበር። ሐሰት አይደለም። ግን ያ «ወገቧን አሟት» ያለው ልጅ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረውም እዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር።

አሁን ስለ ዝምታ አንድ ነገር ልበል። ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን በምሥጢር የተጓጓዙበት ዘመቻ ሙሴ የቆመው ወሬው በጋዜጣ በመውጣቱ ነው። ዜናው በተሰማ ጊዜ የሱዳን መንግሥት በረራውን አገደ፤ ገና ያልተሳፈሩት እዚያው ቀሩ። የተወሰኑት በኋላ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ቢወጡም በመሐል ያለፈው ጊዜ ሰው በልቷል። እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝና ይህ ይከነክነኛል። ነፍስ እስኪያልፍ የሚጠበቅ ዝምታ አለ። የእምዬ ዝምታ ከዚህ ወገን ነበር፤ ልጆቿን አጋብታበታለች፤ የልጅ ልጆቿን አሳድጋበታለች። የእኔ ግን ከዚያ አይደለም። አውሮራ ላይ ማን ይነካኛል? ማንም። እኔ ዝም ያልሁት እንዳይሳቅብኝ ነው። እንዳይሳቅብኝም ብዬ አብሬ ሳቅሁ።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ጎንደር ለምትኖረው ታላቅ እኅቴ ደወልሁ። አልወደደችውም። «አንተ አሜሪካ ተቀምጠህ ትጽፋለህ፤ እዚህ ሴት ልጆቼ ገና አላገቡም» አለችኝ። ደግሞም «ወደ እስራኤል ለመሄድ ብለው ነው ይሉናል» አለች። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዛሬም ለመሄድ ዓመታት የሚጠባበቁ ስላሉ ይህ ሐሜት እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሯ ከባድ ነው፤ ልጣልላትም አልቻልሁም። ስለዚህ ተስማማን፤ የእምዬን ስም እዚህ አልጽፍም። የልጅነት ስሟም፣ የክርስትና ስሟም ይቅር። እምዬ ብቻ ትሁን። ይህ እስከ መቼ እንደሚሆን የሚወስነው እኔ አይደለሁም፤ የእኅቴን ልጆች ለጋብቻ የሚጠይቀው ሰው ነው።

የሄዱትም ቢሆኑ ነገሩ ሁሉ አልሰመረላቸውም። በጥር 1996 እ.ኤ.አ. የለገሱት ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ሲሰማ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። አገር ቤት ዓይናቸው ተፈራ፤ እዚያ ደሞ ደማቸው። ሆኖም የናቃቸውን ተከራክረው ብዙ አስለውጠዋል። ከአምባ ላይ እየጸለዩ ኢየሩሳሌምን ይናፍቁበት የነበረው የስግድ በዓል በ2008 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል።

እሑድ ዕለት ልጄን ይዤ ወደ ዴንቨር መሀል ከተማ ወረድሁ። ኦራሪያ በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት አለች። ጎልዳ ሜየር በልጅነቷ የኖረችባት ናት። እ.ኤ.አ. በ1913 ከሚልዋኪ ተነሥታ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ፍለጋ ዴንቨር የመጣች እኅቷ ቤት ተጠጋች። ያን ጊዜ ከተማዋ በደረቅ አየሯ የሳንባ ሕሙማን መጠጊያ ነበረች፤ ከ1899 ጀምሮ አይሁዶች ያቆሙት ናሽናል ጁዊሽ ሆስፒታል ድኻውን በነፃ ይቀበል ነበር። በእኅቷ ወጥ ቤት ስደተኞች ሻይ እየጠጡ ስለ ፖለቲካ ሲከራከሩ ጎልዳ ጥግ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። የእኛን የቅዳሜ ቡና አስቡት! ያቺ ልጅ ናት በኋላ፣ ከ1969 እስከ 1974፣ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው። በዚያ ሁሉ ዘመን የእምዬ ወገኖች ኢየሩሳሌም እያሉ ይጸልዩ ነበር፤ የእስራኤል መንግሥት ግን የመመለስ መብት አላቸው ብሎ የተቀበላቸው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው።

ከቤቷ ፊት ለፊት ቆመን ለልጄ ነገርኋት። ስለ ጀበናዋ፣ ስለ ወፏ፣ ስለ ዓርብ ማታው፣ ሰዎች ስለሚሉትና ስለ ሳቄም ጭምር ነገርኋት። ካዳመጠችኝ በኋላ «ታዲያ እምዬ ቡዳ ነበረች ማለት ነው?» አለችኝ። «አይደለችም። ሸክላ ሠሪ ነበረች» አልኋት። ለቀይ መብራቱ ጥያቄ መልሱ ይህን ያህል አጭር ኖሯል።

ያችን ጀበና ወደ መስኮቱ ያነሣህ ወንድሜ ይህን ታነብ ይሆናል። አልተቀየምሁህም፤ አብሬህ ስቄአለሁና ልቀየምህም አይገባኝም። ግን ቀልዱ ከእንግዲህ በፊቴ አይነገር። ሲነገር ብሰማ ዝም አልልም።

በዚህ ቅዳሜ ተራው የእኔ ቤት ነው። ለተጠራችሁት ሁሉ አስቀድሜ ልናገር፤ ቡና አይፈላም። ዓርብ የተጋገረ ዳቦ አለ፤ ቀዝቃዛ ወጥ አለ፤ ቤቱም ክፍት ነው። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ፣ በልጅነቴ እንደተማርሁት «ራሴን ይፈልጠኛል» አልልም።

ቸር ሰንብቱ።